እንጦጦ ላይ ቆሞ ሁምቦን ማየት

ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለመዘምራን ጉዞ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ወዳለው የእንጦጦ ተራራ ውጡ። እዚያ አንድ አሮጌ ቤት አለ። በዙሪያውም ተራራውን ያለበሰ ደንና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀ ሰፊ መናፈሻ አለ። ይህ ጽሑፍ ያን ቤትና ያን ተራራ እንዴት ብታዩት እንደሚጠቅማችሁ፣ ተመልሳችሁም የሁምቦን ተራራ በምን ዓይን ልታዩት እንደሚገባ ለማሳሰብ የተጻፈ ነው።

የጭቃው ቤተ መንግሥት

ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅና እብነ በረድ የሚታያችሁ ከሆነ እንጦጦ ያስገርማችኋል። የዳግማዊ ምኒልክ ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው። አጠገቡ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በግቢዋ ባለው ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ ልብሶችና ዕቃዎች ይታያሉ።

ወደ ቤቱ ስትገቡ አትቸኩሉ። ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ ጣሪያውን የያዘውን እንጨት ተመልከቱ። በአገራችን ገጠር ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። እንጨት የቆረጠ፣ ጭቃ የረገጠ፣ ሣር የከደነ ሰው ነበረ፤ ስሙ ግን በሙዚየሙ የለም። ታሪካዊ ቤት ስትጎበኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኼ ይሁን፦ ይህ ቤት በማን ትከሻ ቆመ?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ይህ ቤት ምን በላ? ነገሥታት እንጦጦን የመረጡት ከፍታው ጠላትን ከሩቅ ስለሚያሳይ ነበር። ነገር ግን ንጉሥ ብቻውን አይሰፍርም። መኳንንቱ፣ ሠራዊቱ፣ አገልጋዩ ሁሉ አብሮት ይሰፍራል። ለጎጆው እንጨት፣ ለአጥሩ እንጨት፣ ለግብሩ ማብሰያ እንጨት፣ ለተራራው ብርድ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ እንጨት ያስፈልጋል። ጽዱና ወይራው እየተጨፈጨፈ ተራራው ተራቆተ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ፍልውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ቀስ በቀስ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ወደ ታች ወረደ።

ችግሩም አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ከማነሱ የተነሣ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ ጀምረው ነበር። ከዚያ በፊትም የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተሞች እንዲሁ ነበሩ፤ በዙሪያቸው ያለው እንጨት ሲያልቅ ይነሣሉ። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል። ዛሬ በእንጦጦ የምታዩት አረንጓዴ አብዛኛው እርሱ ነው። ለብዙ ዘመን እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው በዳገቱ ያወረዱት የማገዶ ሸክምም ከእርሱ የተቆረጠ ነው። ከተማዋን አትርፏል፤ ሆኖም ውኃ ወዳድ ዛፍ ነው፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። የጠፋው ጽድና ወይራ ግን ገና በመልሶ ተከላ እየተፈለገ ነው።

ልናልፈው የማይገባን ገጽ

አሁን ለእኛ ለወላይታ ልጆች ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ዘውዱ በተጫነ በአምስት ዓመቱ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወላይታ ገቡ። በጊዜው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ነበሩ፤ መናገሻቸውም በዳሞታ ተራራ አካባቢ ዳልቦ ነበረ። ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋጉ። ጦርነቱ እጅግ ደም ያፈሰሰ ነበር። ከንጉሡ ሠራዊት ጋር የተጓዘ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ አሳትሟል፤ የተገደለውን፣ የተማረከውን፣ የተነዳውን ከብት ይናገራል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

እንግዲህ የካዎ ጦና ሕዝብ ልጅ በምኒልክ ቤት ደጃፍ ሲቆም ምን ይሰማው? አንዳንዱ በልቡ ቂም ይዞ ይገባል። ሌላው ጉዳዩ ጭራሽ እንዳልሆነ አድርጎ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ሁለቱም ለክርስቲያን አይበቁም። መጽሐፍ ቅዱስን ተመልከቱ። ዳዊትን እንደ እግዚአብሔር ልብ የሆነ ሰው ብሎ የሚያከብረው መጽሐፍ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 የኦርዮንን ነገር አልሸሸገም። እውነቱን ሁሉ ጽፎ፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ፣ ተስፋውንም አላቋረጠም። በ1887 ወላይታን የወጉት ንጉሥ በ1888 በዓድዋ ወራሪን ያሸነፉት ንጉሥ ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በራሳችንም ቤት ቢሆን የወላይታ ነገሥታት ዘመን ጦርነትና ባርነት የነበረበት ዘመን ነው። ታሪክን በእውነት የሚያነብ ሰው የሌላውን ኃጢአት ብቻ እየቆጠረ አይኖርም።

ይቅርታ ማለት መርሳት ከሆነ ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ራሱ ያስረሳል። ከባዱ አስታውሶ ይቅር ማለት ነው። ስለዚህ ወደዚያ ቤት ስትገቡ የካዎ ጦናን ስም ይዛችሁ ግቡ፤ ስትወጡ ግን ከጎናችሁ ለሚጎበኘው የሌላ ብሔር ወንድማችሁ ጸልያችሁ ውጡ።

ወደ ሁምቦ ተራራ

ከእንጦጦ ተመልሳችሁ ሶዶ ስትደርሱ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ጠበላ ስትወርዱ፣ ቀና ብላችሁ የሁምቦን ተራራ እዩ። እዚህ የንጉሥ ቤት የለም፤ የመግቢያ ትኬት የሚቆርጥም የለም። ግን ይህ ተራራ ራሱ ሊጎበኝ የሚገባው ታሪክ ነው።

ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ይህ ተራራ ተራቁቶ ነበር። ለከሰል፣ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያ ደኑ ተቆርጦ፣ ቀሪውን ከብት ግጦት፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈርና ድንጋይ ወደ ማሳ ይወርድ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር በዛ፣ መሬቱ ጠበበ፣ ድርቅ በመጣ ጊዜ ርሀቡ ጸና። የእንጦጦ ታሪክ ያለ ንጉሥ ተደገመ ማለት ይቻላል።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር 2,728 ሄክታር የሚሆን ተራራማ መሬት መልሶ ለማልማት ሥራ ጀመረ። ዘዴውን ያመጣው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ቀድሞ በኒጀር የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናዊ ነበር፤ ወንጌልን ወደ ወላይታ ያመጣው ማኅበርም ይኸው ነው። በኒጀር ለዓመታት ችግኝ ቢተክልም አብዛኛው ይደርቅበት ነበር። ተስፋ ሊቆርጥ በደረሰበት ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም. ገደማ፣ ጸልዮ በመንገዱ ዳር ያለ ቁጥቋጦ ቀርቦ ሲያይ ቁጥቋጦ ሳይሆን የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ እያቆጠቆጠ መሆኑን አስተዋለ። ከበረሃው አፈር በታች ሕያው ሥር ሞልቶ ነበር። ችግሩ ዛፍ አለመኖሩ ሳይሆን የሚያቆጠቁጠው ሁሉ በየዓመቱ መቆረጡና መበላቱ ነበር።

በሁምቦም የሆነው እንዲሁ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ሁሉም ከተተወ እርስ በርሱ ይሻማና ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ቀጥ ያሉትንና ጠንካራዎቹን ጥቂት ቡቃያዎች ይመርጣል፤ ሌላውን ይቆርጣል፤ የተመረጡትንም የጎን ቅርንጫፍ ይገርዛል። የተገረዘው ለማገዶ ይሆናል። ከብት እንዳይገባ ተራራው ይከለላል፤ ሣሩ እየታጨደ ለከብቱ ወደ ቤት ይወሰዳል። ሥር በጠፋበት ቦታ ብቻ ችግኝ ይተከላል። እንዲህ እያለ ግራሩ፣ በሰናው፣ ዋንዛው ከገዛ ሥሩ ተመለሰ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን ስለ መግረዝ ስታነቡ ይህ ሥራ ትዝ ይበላችሁ።

ሕዝቡ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን የመጠበቅ ኃላፊነትና የመጠቀም መብት ተቀበለ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መርሐ ግብር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ እንዲህ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የደን ሥራዎች አንዱ ሆነ። ዛፍ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ይይዛል፤ ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ይይዛል ተብሎ ተገመተ። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ለመግዛት ተዋዋለ። ከገቢውም ማኅበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ የመሳሰሉትን አሠሩ።

ይህ ሁሉ በነጻ አልመጣም። ከሰል በመሸጥ ይኖር የነበረ ሰው ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረበት። ከብቱን ተራራ ላይ ይለቅ የነበረ ሰው ሣር አጭዶ መሸከም ነበረበት። ከእንጦጦ ቤት ጋር አነጻጽሩት። እንጦጦ ላይ ጥቂቶች እንዲነግሡ ተራራው ተራቆተ፤ ሁምቦ ላይ ተራራው እንዲለብስ ድሆች የዕለት ጥቅማቸውን ተዉ።

ቤተ ክርስቲያንም ከጉቶ

ይህ የዛፍ ነገር ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ሚስዮናውያኑ በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ መጥተው በሶዶ ሥራ ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ደክመው፣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት አገር ለቀው እንዲወጡ ሲገደዱ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎች ተገረፉ፣ ታሰሩም። ከውጭ ላየው ሰው ሥራው ከሥሩ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ያልተማሩ የሚባሉ ገበሬዎች እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ፣ የታሰሩትን እየመገቡ ወንጌሉን አደረሱ። ከወላይታም ተነሥተው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ ሄዱ።

ልብ በሉ፤ ቂም የሚያስይዝ ታሪክ የነበረው ሕዝብ ነው ለሌላው ሕዝብ የምሥራች ተሸክሞ የሄደው። ኢዮብ በምዕራፍ 14 ስለ ተቆረጠ ዛፍ የተናገረውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ በሁምቦ ተራራ ላይ ቁማችሁ ብታነቡት ደግሞ ይበልጥ ይገባችኋል።

ተራው የእናንተ ነው

የካርቦኑ ሥራ የታቀደለት 30 ዓመት ወደ 2029 ዓ.ም. ገደማ ይሞላል። ያን ጊዜ እናንተ አባወራና እማወራ፣ የማኅበር አባል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ትሆናላችሁ። ደኑ ቢቆረጥ የሚቆርጠው የእናንተ እጅ ነው፤ ቢጠበቅም የሚጠብቀው የእናንተ እጅ ነው። መሬት ጠቧል፣ ሥራ ጠፍቷል፣ ብዙ ወጣት ወደ ከተማ ይሰደዳል፤ ይህን ሁሉ እናውቃለን። ደኑን ጠብቁ ብሎ ለተራበ ወጣት መስበክ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ንብ ማነብን፣ ሣር መሸጥን፣ የፍራፍሬ ችግኝ ማፍላትን በኅብረት ሆናችሁ ከሽማግሌዎችና ከማኅበራቱ ጋር ምከሩ። የሚጠቅመውን ደን ሰው በቀላሉ አይቆርጠውም።

የወጣት ኅብረታችሁ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አንድ ቅዳሜ ወደ ተራራው ይውጣ። ከመውጣታችሁ በፊት ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱን ለምኑና አብሯችሁ ይሂድ። አባባ፣ ይህ ቦታ ድሮ ምን ይመስል ነበር ብላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያውን ጉቶ ሲገርዙ ሰዉ ምን እንዳለ ይንገራችሁ፤ አንዳችሁም ጻፉት። የእንጦጦን ቤት የሠሩት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። የሁምቦን ተራራ ያለበሱት ግን ገና ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስማቸውን ለመጻፍ ጊዜው አላለፈም።

ለኅብረት ውይይት

1. ክፉን ታሪክ አስታውሶ ይቅር ማለትና ክፉን ታሪክ መርሳት ልዩነታቸው ምንድን ነው? 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11ንና 12ን አንብባችሁ ተወያዩ።

2. በአካባቢያችሁ ሞተ ተብሎ የተተወ፣ ነገር ግን ሥሩ ሕያው የሆነ ምን ነገር አለ?

3. የሁምቦን ደን ለመጠበቅ ወላጆቻችሁ ምን ተዉ? እናንተስ ምን ለመተው ትችላላችሁ?