ሜርኩሪና ተጥለው የቀሩ የወርቅ ጉድጓዶች፤ የፎገራን ሜዳ የሚመለከተው ለምንድን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወረታ ከተማና በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የሚታወቁት በሩዝ እንጂ በወርቅ አይደለም። ይሁንና ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ ይበልጥ አደገኛ ወደሆነ መልክ የሚለወጠው ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ በመሆኑ ጉዳዩ ሩዝ አምራች ወረዳዎችንም ይመለከታል።

በባህላዊ የወርቅ አወጣጥ ሜርኩሪ ከታጠበው አሸዋ ውስጥ ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ያገለግላል። ድብልቁ በእሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ይተንና ወርቁ ይቀራል። ትነቱ በቅድሚያ የሚጎዳው ሠራተኛውንና ቤተሰቡን ሲሆን፣ ከአሸዋው ጋር የተደፋው ቀሪ ደግሞ አውጪው ቦታውን ለቆ ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላም በጎርፍ እየታጠበ ወደ ወንዝ ይገባል። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደተባለው መርዝ ይለውጡታል፤ ይህም ከሁሉ በላይ የጽንስን የነርቭ ሥርዓት ይጎዳል።

መርዙ በዓሣ አማካይነት ሰውን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ ከተማ ከተከሰተው በሽታ ወዲህ ይታወቃል። በቻይና ጉይጁ ክፍለ ሀገር በዋንሻን የሜርኩሪ ማዕድን አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ነዋሪዎች ሜቲል ሜርኩሪን በዋናነት የሚያገኙት ከሩዝ መሆኑን አሳይተዋል። ከጉና ተራራ ተነስተው ወደ ጣና የሚፈሱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በፎገራ ማሳዎች ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ የሚታወስ ነው። በላይኛው ተፋሰስ የሚካሄድ ማናቸውም የማዕድን ሥራ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው አደጋ የመሬት መደርመስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ያወጡ የነበሩ ወጣቶች ዋሻ ተደርምሶባቸው ነበር። ያልተደፈነ ጉድጓድም ለከብትና ለሕፃናት ወጥመድ ይሆናል፤ ውኃ ሲያቁር ደግሞ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ፈቃድ ጠያቂዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያቀርቡ ሲደነግግ የባህላዊ ማዕድን ፈቃድን ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል። ሜርኩሪ በብዛት የሚሠራበት ዘርፍም ይኸው በመሆኑ ቁጥጥሩ በአብዛኛው በወረዳና በቀበሌ ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጥርጣሬ ሲኖር ከውኃው ይልቅ የወንዝ ደለል፣ ዓሣና ሩዝ ቢመረመሩ የተሻለ መረጃ ይገኛል፤ ሜርኩሪ በወራጅ ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይታይ በደለል ውስጥ ሊከማች ይችላልና።