የእጁ ሥራና የአፉ ማብራሪያ፦ የጡንቻ እሽት አጭር ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ ከዓመታት በፊት ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ስለ ጡንቻ ማገገም ሳስተምር፣ ከልምምድ በኋላ የሚደረግ እሽት በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ አጥቦ እንደሚያስወጣ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሯጭ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ባለፈው ሳምንት ላክቲክ አሲድ ሩጫው ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይወገዳል ብለውን ነበር። እኔን ግን እግሬን የሚያመኝ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ታዲያ ወጌሻው የሚያስወጣልኝ ምኑን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም፤ ሁለቱንም ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩና።

ያን ዕለት የጀመርኩት ፍለጋ ከፊዚዮሎጂ መጻሕፍት አልፎ ወደ ታሪክ አደረሰኝ። የሚያሸው እጅ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይለወጥ ኖሯል። ለእጁ ሥራ የሚሰጠው ማብራሪያ በየዘመኑ አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ከልብሱ ሥር ያለው ሐሳብ ግን ያው የጥንቱ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው ይህንን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ129 ዓ.ም. በጴርጋሞን፣ በዛሬዋ ቱርክ የተወለደው ጋሌን፣ በ157 ገደማ የከተማዋ ግላዲያተሮች ሐኪም ሆነ። የተቀደደ ጡንቻና የተቆረጠ ጅማት የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር። በኋላም ስለ ጤና አጠባበቅ በግሪክኛ በጻፈው ሰፊ ሥራ፣ የስፖርተኛን እሽት በሁለት ከፍሎ ያስተምራል። አንደኛው ከልምምድ በፊት የሚደረግ ሲሆን፣ ሰውነትን በዘይት አለስልሶ ለሥራ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ከልምምድ በኋላ የሚደረገው ነው፤ እርሱንም አፖቴራፒያ ከሚለው ሥርዓት ውስጥ ያስገባዋል። የአፖቴራፒያ ዓላማ ሁለት ነው፦ በእንቅስቃሴ የቀጠነውን የሰውነት ትራፊ ማስወጣትና ድካምን መከላከል። ጋሌን የእሽቱን ጥንካሬ በሦስት፣ መጠኑንም በሦስት ከፍሎ ዘጠኝ ዓይነት እሽት ይቆጥራል። ጥንቁቅ ሰው ነበር። ስለ ላክቲክ አሲድ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም እኔ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር በመሠረቱ የእርሱ ነው።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ፣ የእሽት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ሲጀምር እናያለን። ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም መሥርቷል፤ ሥርዓቱ ግን በዋናነት የእንቅስቃሴ ሥርዓት ነበር። ዛሬ «የስዊድን እሽት» የሚባለውን አከፋፈል፣ ማለትም መዳበስን፣ እንደ ሊጥ መለወስን፣ መፈተግንና በእጅ መጠብጠብን በየስማቸው መድበዋል የሚባሉት የአምስተርዳሙ ሐኪም ዮሃን ሜትስገርና ተከታዮቻቸው ናቸው። የሜትስገር የ1868 የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም፤ የእግር ወለምታን በማሸት ስለማከም ነው። እኛም ስብራት የሚጠግነውን፣ ውልቃት የሚመልሰውንና ወለምታ የሚያሸውን የመንደር ባለሙያ ወጌሻ እንላለን። ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠውንም ወጌሻ እንላለን። ሁለት ሙያ በአንድ ስም መጠራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በቱሪን አንጄሎ ሞሶ ኤርጎግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው አንድ ጣት ክብደት ደጋግሞ ሲያነሣ የሚሠራውን ሥራ እስኪዝል ድረስ ይመዘግባል። ሞሶ በ1891 ስለ ድካም ባሳተመው መጽሐፍ፣ የደከመ ውሻ ደም ላረፈ ውሻ ሲሰጥ ያረፈው የድካም ምልክት እንደሚያሳይ ጽፏል። ባልደረባው አርናልዶ ማጆራ እሽትን በኤርጎግራፍ ፈትኖ፣ የደከመ ጡንቻ ሲታሽ የመሥራት አቅሙ እንደሚጨምር ዘገበ። ሁለቱን ግኝቶች አንድ ላይ ላነበበ ሰው ድካም በደም የሚዞር መርዝ፣ እሽት ደግሞ የመርዙ መጥረጊያ ሆኖ መታየቱ አያስደንቅም። የጋሌን «ትራፊ» ስሙን ለውጦ ተመለሰ።

ሙያው ራሱ በዚህ ጊዜ የክብር ጥያቄ ገጥሞት ነበር። በ1894 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት፣ በለንደን በእሽት ቤት ስም የሚሠሩ የዝሙት ቤቶች እንዳሉ አጋለጠ። በዚያው ዓመት ከነርስነት ሙያ የመጡ አራት ሴቶች የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበርን መሠረቱ። አባላቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ላለማሸት ተስማሙ። ማኅበሩ በ1920 የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ የዛሬው የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒ ማኅበርም እርሱው ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ይህ ታሪክ ማብራሪያው ለምን ያን ያህል እንደተፈለገ ያስረዳል። በጥርጣሬ የሚታይ እጅ የቤተ ሙከራን ቋንቋ መናገር ነበረበት።

ቋንቋውም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። በ1907 የካምብሪጆቹ ፍሌቸርና ሆፕኪንስ፣ ከእንቁራሪት የተወሰደ ጡንቻ ሲሠራ ላክቲክ አሲድ እንደሚጠራቀምበት፣ ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳዩ። የ1922 የኖቤል ሽልማት ለአርቺባልድ ሂልና ለኦቶ ማየርሆፍ ሲሰጥ፣ የማየርሆፍ ድርሻ በዚሁ አሲድና በኦክስጅን መካከል ስላለው ግንኙነት ነበር። ግሩም ሳይንስ ነው። ወደ ስፖርት ሜዳ ሲወርድ ግን የድካሙም፣ የማግስቱ ሕመምም፣ የእሽቱ ጥቅምም ማብራሪያ ሆኖ አረፈው። የሚያሳዝነው፣ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ መገኘቱ ነው። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሃፍ በ1902 ዘግይቶ የሚመጣ የጡንቻ ሕመም ከድካም የተለየ መሆኑንና ምንጩም በጡንቻው ውስጥ የሚደርስ ጥቃቅን መቀደድ ሊሆን እንደሚችል አመልክቶ ነበር። የተማሪዬ ጥያቄ እኔ ሰሌዳው ፊት ከመቆሜ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት ተነሥቶ ነበር።

ማብራሪያው በቀጥታ የተፈተነው በቅርብ ዘመን ነው። በካናዳ ቲደስና ሹሜከር በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በእጅ መዳበስ ወደ ጭን ጡንቻ የሚሄደውን የደም ፍሰት እምብዛም እንደማይጨምር አገኙ። በ2010 በኪንግስተን ከተማ ከሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ከዚህም ራቀ፤ ከመጨበጥ ሥራ በኋላ ክንድ ሲታሽ የእጁ ግፊት የደም ፍሰቱን ያውካል፣ የላክቲክ አሲዱንም መወገድ ያዘገያል። በ2012 የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ወጣቶችን እስኪዝሉ ብስክሌት አስነድተው፣ የአንዱን እግር ጡንቻ ለ10 ደቂቃ ካሹ በኋላ ከሁለቱም እግሮች ናሙና ወሰዱ። በላክቲክ አሲድ ረገድ ልዩነት አልታየም። በታሸው እግር ግን የብግነት ምልክቶች ቀንሰው፣ ከማይቶኮንድሪያ መታደስ ጋር የተያያዙ ምልክቶች ጨምረው ተገኙ።

በ2018 የታተመ፣ 99 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ከተመረመሩት የማገገሚያ ዘዴዎች ሁሉ የዘገየ ሕመምንና የድካም ስሜትን በመቀነስ እሽት ቀዳሚ መሆኑን ገለጸ። በ2020 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ እሽት ጉልበትንም ሆነ ፍጥነትን እንደሚያሻሽል ማስረጃ አላገኘም፤ በሕመምና በመተጣጠፍ ረገድ ግን መጠነኛ ጥቅም አይቷል። እንግዲህ እጁ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ የሚጠቅምበትም መንገድ እኛ ስንናገረው የኖርነው አይደለም።

«ከጠቀመ ይበቃል፣ ምክንያቱ ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን የተሳሳተ ምክንያት እጅንም ያሳስታል እላለሁ። እሽት መርዝ ማስወጣት ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ በርትቶ በጨመቀ ቁጥር ብዙ የሚያወጣ ይመስለዋል። ትናንት የተቀደደን ጡንቻ ያሻል፤ የደም መቋጠሩንም ያባብሳል። ያበጠና የሚያቃጥል ባት ሲያይ፣ የደም መርጋት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ወደ ሐኪም በመላክ ፋንታ እጁን ያሳርፍበታል። ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከተማሪዬ ጥያቄ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ሯጮችን ያሹ አንድ አንጋፋ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሲያሹ ምን እንደሚያስወጡ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እኔ የማስወጣው ነገር የለም» አሉኝ። «እጄን አሳርፍና እግሩ የት ላይ እንደሚሸሽ አያለሁ። ሲሸሽ አልከተለውም፤ እጠብቀዋለሁ። ትኩስ ጉዳት ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አልነካውም።» በሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ይልቅ የእርሳቸው ቃል ለእውነቱ የቀረበ ነበር።

ለዚያ ተማሪ መልሱን የነገርኩት ዘግይቼ ነው፤ ዛሬ ለእናንተም እደግመዋለሁ። ወጌሻው ከእግርህ የሚያስወጣው ነገር የለም። ጥቃቅን ጉዳት የደረሰበት ጡንቻ ራሱን ይጠግናል፤ በልክ ያረፈ እጅ ሕመሙን ያቀልለታል። ነገ በየክለቡና በየሆስፒታሉ ስትሰማሩ፣ ከወጌሻው እጅ ለመማር ትሕትና፣ ከመጻሕፍቱም ለመጠየቅ ድፍረት ይኑራችሁ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስትጠይቁ፣ የእኔንም አትማሩት።