የድሮ ሰንጢ፦ ዕድሜን መለየት

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ የኪስ ቢላ ነው። ሰብሳቢ የድሮ ሰንጢን ዕድሜ መፍረድ ያለበት ከአሠራሩ እንጂ ከመጣበት መንገድ ወይም ከዝገቱ አይደለም። ጅቡቲ ይህን በግልጽ ታሳያለች፤ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሥር የቆየች፣ ከ1917 ወዲህ ከአዲስ አበባ ጋር በባቡር የተገናኘች ወደብ ናት። በ2018 የተመረቀው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠናዋም ዕቃ ገብቶ፣ ተከማችቶ፣ ተመልሶ ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ነው። ስለዚህ የጉምሩክ ወረቀት ዕቃው ያለፈበትን ቀን እንጂ የተሠራበትን አይመሰክርም። ዝገትም አያስረዳም፤ ጨዋማው የባሕር አየር አዲሱን የካርቦን ብረት ስለት ቶሎ ያስረጀዋል።

የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሰንጢ የተሻለ ምስክር ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ሠራው፤ ዘውድ የተደፋበት የእጅ ማኅተሙ በ1909 ተመዘገበ፤ ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት በ1955 ተጨመረ። ይህ ቀለበት ያለው ኦፒኔል እንግዲህ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። «ቀለበት የሌለውስ የግድ ጥንታዊ ነው?» ቢባል፣ አይደለም፤ ትንንሾቹ ዛሬም ያለ ቀለበት ይሠራሉ። ክፍሎችም ሊለወጡ፣ ማኅተምም ሊመሳሰል ይችላል። ይህ ግን ዘዴውን አያፈርሰውም፤ አንድ ምልክት ብቻውን እንደማይበቃ ያስጠነቅቃል እንጂ። ማኅተሙ፣ ቀለበቱና የእጀታው መጠን ሲስማሙ ብቻ ዓመት ይጻፍ።