ጥርሱ ወይስ ጠረጋው? የሮታሪ አለት ቢት መሻሻል ከሁምቦ መሬት አንጻር

ሁምቦ ሲነሳ አንባቢ ቶሎ የሚያስታውሰው ደኑን ነው፤ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶው እንዲያገግም የተደረገበትንና በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት የተመዘገበውን ሥራ። ይህ ጽሑፍ የሚያየው ግን ከደኑ ሥር ያለውን አለትና አለቱን የሚበሳውን ብረት ነው።

የቢት ታሪክ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ አላረዝመውም። ሃዋርድ ሂዩዝ (አባትየው) በ1909 ለባለሁለት ኮን ቢቱ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ባለሦስት ኮኑ (ትራይኮኑ) በ1933 ተከተለ፤ በ1951 የተንግስተን ካርባይድ ጥርስ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ አልማዝ የተለበጠው ቢት መጣ። አለቱን በተመለከተ ደግሞ በአገራችን የተስፋዬ ቸርነትን የ1993 ሥራ የመሰሉ ጥናቶች በሚሰጠው ውሃ ይመድቡታል፤ ለተነሡበት ዓላማ ይበቃሉ።

ጠቤ ከቢቱ ታሪክ አተራረክ ጋር ነው። ሁሉም ነገር ጥርስ እየጠነከረ የሄደበት ጉዞ ተደርጎ ይቀርባል። ለዚህ አተራረክ ሒሳባዊ ጉልበት የሰጠው ዊልያም ሞረር በ1962 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። በሞረር ቀመር መሠረት ቢቱ የሚወርድበት ፍጥነት ከዙሩ ጋር በቀጥታ፣ ከተጫነበት ክብደት ጋር በካሬ ያድጋል፤ የቢቱ ስፋትና የአለቱ ጥንካሬ ሲጨምሩ ደግሞ በካሬ ይቀንሳል። ቀመሩ ያምራል። የሚቆመው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፦ አንዱ ጥርስ የፈለጠው ፍርፋሪ ቀጣዩ ጥርስ ሳያርፍ በሙሉ መጠረግ አለበት። ሞረር ይህን አልደበቀም፤ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ «ፍጹም ጠረጋ» የሚል ነው። ጥፋቱ ጠረጋን እንደ ተለዋዋጭ ሳይሆን እንደ ደጃፍ ማስቀመጡ ላይ ነው። ደጃፉን የተሻገረ አንባቢ ወደ ኋላ አይመለከትም። በቀመሩ ውስጥ ጥንካሬ በካሬ ተጽፎ ይታየዋል፣ ጠረጋ አይታየውም፤ ስለዚህ ጠንካራ ጥርስ ፍለጋ ይወጣል።

መልሱ ግን ሞረር ከመጻፉ 3 ዓመት ቀድሞ ታትሞ ነበር። ካኒንግሃምና ኢኒንክ በ1959 ባወጡት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ የቁፋሮ ጭቃው ግፊት በአለቱ ውስጥ ካለው የፈሳሽ ግፊት ሲበልጥ ቢቱ ፍጥነቱን እንደሚያጣ አሳዩ፤ ትርፉ ግፊት ፍርፋሪውን ጉድጓዱ ወለል ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ጥርሱም አለቱን ትቶ የገዛ ፍርፋሪውን መልሶ ያደቃል። ውሃ ቆፋሪ ይህን የነዳጅ ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። ማለፍ አልነበረበትም።

ሁምቦ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ አንድ ጉድጓድ በተጋገረ ኢግኒምብራይት፣ ባልተጋገረ አመድና ፑሚስ፣ እንዲሁም በተሰነጠቀ ባዛልት በየተራ ሊያልፍ ይችላል። የውሃው ወለል 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንና ጉድጓዱ እስከ አፉ በጭቃ ቢሞላ፣ ትርፉ ግፊት 10 ባር ገደማ ነው። ስንጥቅ ከተገኘ ደግሞ ጭቃው ወደ ስንጥቁ ይገባና ፍርፋሪውን ይዞ የሚመለስ ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ የሞረር ደጃፍ ተዘግቷል።

በአየር እንቆፍር ቢባል ሒሳቡ ሌላ ወጥመድ ያወጣል። ፍርፋሪ ለማንሳት አየሩ በቧንቧውና በግድግዳው መካከል በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል መውጣት እንዳለበት በሙያው የታወቀ ነው። ባለ 4.5 ኢንች ቧንቧ ይዘን 8 ኢንች ጉድጓድ ስንቆፍር ክፍተቱ 34 ካሬ ኢንች ያህል ነው፤ ጉድጓዱ 12 ኢንች ሲሆን 97 ይደርሳል። ኮምፕሬሰሩ ያው ከሆነ የአየሩ ፍጥነት ወደ ሲሶ ግድም ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት 17 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱን ስንጨምርበት፣ አዝጋሚውን ቢት «ጥርሱ ደከመ» ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

እዚህ ላይ ኮኖቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ይገባል። የዓለም አቀፉ የቁፋሮ ተቋራጮች ማኅበር የቢት መለያ ሦስት አሃዞች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ጥርሱና ስለ አለቱ፣ ሦስተኛው በዋናነት ስለ ኩሽኔታው ይናገራል። በሦስተኛው ቦታ 2 ሲጻፍ ኩሽኔታው በአየር የሚቀዘቅዝ ነው ማለት ነው፤ ከሚወርደው አየር የተወሰነው ለኩሽኔታው ይሰጣል፣ ከጠረጋው ላይ ተቀንሶ። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ኩሽኔታው በጎማ ታሽጎ በግራሶው ውስጥ ይሠራል። ቢት ሲገዛ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጥርሱ ነው።

በአየር ኃይል አለቱን እየመታ ስለሚቆፍረው ሀመር «ይህን ሁሉ ፈትቷል» የሚሉ አሉ። አልፈታም። ሀመር በኢግኒምብራይት ላይ ፈጣን ነው፤ ፑሚስ ውስጥ ግን የሚመታው ጠንካራ ነገር ያጣል፣ ግድግዳውም ይናድበታል። ከውሃ በታች ደግሞ እያንዳንዱ 10 ሜትር ውሃ ከአየር ግፊቱ አንድ ባር ያህል ይቀማዋል። ለአልማዙ ቢት ደጋፊዎችም መልሱ አጭር ነው፦ ከለስላሳ ወደ ጠንካራ በድንገት በሚሻገር መሬት ምቱ ይሰብረዋል፤ ሙቀቱ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ደግሞ በውስጡ ያለው ኮባልት ራሱ አልማዙን ያፈርሰዋል።

በሁምቦ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ሁሉ መርምሬያለሁ አልልም፤ የአንዱ ቀበሌ አለትም ለሌላው ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ካልኩ በኋላ ክርክሬን የምለውጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚጎድለው ማስረጃ የቁፋሮ ማሽኑ ሥር የሚወድቀው አሮጌ ቢት ነው። ያው የቁፋሮ ተቋራጮች ማኅበር የተበላ ቢት የሚመዘገብባቸው ስምንት ዓምዶች አሉት፤ ጥርስ ከነዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ኩሽኔታው፣ የቢቱ ዳር መጥበቡና ቢቱ የወጣበት ምክንያት የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቢት ኢግኒምብራይት ውስጥ ዳሩ ሲበላ ጉድጓዱን እያጠበበ ይወርዳል። ቀጥሎ የሚገባው አዲስ ቢት በጠበበው ጉድጓድ ይቆነጠጣል፤ ኮኖቹ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ኩሽኔታው በጥቂት ሰዓት ይሰባበራል። ጥፋቱ የአሮጌው ነው፤ የሚወቀሰው ግን አዲሱ ነው። የዕለቱ መዝገብ ላይ «ቢት ተቀየረ» ብቻ ከተጻፈ ማንኛቸው እንዳጠፋ የሚያውቅ የለም፤ በሚቀጥለው ግዢ የሚታዘዘውም ጥርሱ የጠነከረ ቢት ነው።