ምዕራፍ፤ «የማይል ድንጋይ» ለሚሉት

በበይነ መረብ ስለ ካቶሊካዊት እምነት የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፥ አንዱ መቶኛ ጽሑፉን ሲያወጣ፥ ሌላው መጻፍ ከጀመረ ዐሥረኛ ዓመቱን ሲደፍን፥ ደስታቸውን ለአንባቢ ሲያበሥሩ «ትልቅ ማይልስቶን ላይ ደረስኩ» ማለታቸው እየበዛ መጥቶ፥ አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ «የማይል ድንጋይ» የሚል ትርጉም ተሠርቶለት በእንኳን አደረሰህ መልእክት ሁሉ ውስጥ ሲመላለስ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሩ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ ረጅም ሥራ የጀመረ ሰው በመካከል ቆም ብሎ የመጣበትን የሚቆጥርበት፥ እዚያ ላደረሰውም አምላክ ምስጋና የሚያቀርብበት ቦታ ነው። የሚያስቆጨኝ ስሙ ነው።

ሮማውያን በጥርጊያ መንገዳቸው ዳር በየሺሁ እርምጃ የድንጋይ ዐምድ ያቆሙ ስለ ነበር፥ ማይልም ከሺህ የወጣ ስም ስለ ሆነ፥ ቃሉ በእነርሱ አገር የታየና የተዳሰሰ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን መንገድ የሚለካው በቀን ጉዞና በማደሪያ ነበር እንጂ በድንጋይ አልነበረም። እኔ በምኖርበት በባሕር ዳር፥ በደንገል ታንኳ ወደ ዘጌ የሚቀዝፍ ሰው ክብራን ገብርኤልን አለፍኩ፥ እንጦስን አለፍኩ ይላል፤ በጣና ውኃ ላይ ማን ድንጋይ ተክሎለት ነው በማይል ድንጋይ የሚቆጥረው?

ይህን ያዩ ሰዎች ልዩ ልዩ ምትክ አቅርበዋል። አንዳንዶቹ «ወሳኝ ኩነት» ይላሉ፤ ይህ ግን ልደትን፥ ጋብቻን፥ ፍችንና ሞትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የያዘው ስም ስለ ሆነ፥ መቶኛ ጽሑፉን ያወጣ ሰው ቀበሌ ሄዶ ሊመዘገብ ነው ያሰኛል። «ኢዮቤልዩ» የሚሉም አሉ፤ ቃሉ ክቡር ነው፥ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. የ2025ን ቅዱስ ዓመት በዚሁ ስም አክብራለች፤ ነገር ግን ኢዮቤልዩ ዘመኑ የታወቀ በዓል ስለ ሆነ ለመቶኛ ጽሑፍ አይሰጥም። «ዝክር» ቢባልም፥ ዝክር የቅዱሳን ነው። ሐውልትም በአማርኛ ጆሮ መቃብርን ያስታውሳል። ከግእዝ የተማሩ ደግሞ «እብነ ፍኖት» ቢባል ይላሉ፤ ነቢዩ ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር ብሎ የሰየመውን ሳስብ ይህ ስም ልቤን ሳይስበው አልቀረም፤ ሆኖም አንባቢው ሁሉ ሊቅ አይደለም፥ ድንጋዩም በግእዝ ቢጠራ ያው ድንጋይ ነው።

እኔ የምሟገትለት ቃል ምዕራፍ ነው። ሠረቀ ከሚለው የግእዝ ግሥ ፀሐይ የምትወጣበት ምሥራቅ፥ ዐረበ ከሚለው የምትገባበት ምዕራብ፥ ሰገደ ከሚለው የሚሰገድበት ምስጋድ እንደ ተገኘ፥ ዐረፈ ከሚለውም የሚታረፍበት ስፍራ ምዕራፍ ተገኘ። የመጽሐፍ ክፍል በዚህ ስም ሲጠራ ከትርጉሙ አልራቀም፥ አንባቢ እዚያ ደርሶ ዐይኑን ያሳርፋልና። ከያሬዳውያን የዜማ መጻሕፍትም አንዱ ምዕራፍ ይባላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ምሳሌያዊ ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ወንጌልን በአማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን ቃል በርቀት መለኪያነት ያገኘዋል። ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም የምትርቀው ስድሳ ምዕራፍ ነው፤ ቢታንያ ዐሥራ አምስት ምዕራፍ፤ ደቀ መዛሙርቱም በባሕር ላይ ሳሉ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ምዕራፍ ያህል ቀዝፈው ነበር። የግሪኩን ስታድዮን፥ ይኸውም ወደ 185 ሜትር የሚጠጋውን ልክ፥ ምዕራፍ ብለው የተረጐሙ አባቶች የመንገድን ልክና የመንገደኛን ዕረፍት በአንድ ቃል አስረው አስቀምጠውልናል። በየብስም በውኃም የሚያገለግል ቃል በእጃችን ሳለ ስለ ምን የሮማውያንን ድንጋይ እንሸከማለን?

በተለይ የእምነት ጸሐፊ ለዚህ ቃል ዕዳ አለበት፥ ቋንቋችንን ያስተማሩ ካቶሊካውያን ቀድመውታልና። ጎርጎራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው በፖርቱጋል ቋንቋ ነበር። ከአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የወጡት ካቶሊካዊው አባ ጎርጎርዮስ ግን በሮም የተዋወቃቸውን ጀርመናዊ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ቋንቋችንን አስተማሩት፤ ከእርሳቸው የተማረውም ሰው እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሞ አወጣ። የጎጃሙ ሊቅ፥ የመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እ.ኤ.አ. በ1851 ቅስና የተቀበሉ፥ በ1855ም ስለ እምነታቸው በእስር ሳሉ ያረፉ ናቸው፤ ዐረፉ ስንል ምዕራፍ ከተገኘበት ከዚያው ሥር እንናገራለን። የብፅዕና ማዕርግ ያገኙት በ1926 ስለ ሆነ መቶኛ ዓመታቸው 2026 ነው፤ ይህን ዓመት «ማይልስቶን» ብሎ የሚጽፍ እጅ እንዳይገኝ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳር-ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከትም ዐሥር ዓመት ሲሞላው የደረሰው ምዕራፍ ላይ ነው።

አንድ እውነተኛ መከራከሪያ አለ፤ ዜና አንባቢዎች «አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ» እያሉ ቃሉን ለጅማሬ ብቻ አውለውታል፥ እንግዲህ ፍጻሜን ከጅማሬ በምን እንለየው ይባላል። የሚለየው ግሡ ነው። ሊጀመር ያለው ምዕራፍ ይከፈታል፤ በድካም የተገኘው ምዕራፍ ይደረሳል። ስለዚህ ጸሐፊው «መቶኛ ጽሑፌን በማውጣት እዚህ ምዕራፍ ደረስኩ» ይበል፤ ወዳጆቹም «እንኳን ለዚህ ምዕራፍ አበቃህ» ይበሉት፤ ከአንድ በላይ ሲሆኑም ምዕራፎች ቢባሉ ወይም በግእዙ ምዕራፋት ቢባሉ ሁለቱም ያምራሉ።