ሞይስ ካቱምቢ፦ ከንግድ ወደ ካታንጋ አገረ ገዥነት

በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በመዳብና በኮባልት ሀብቱ የሚታወቀውን የካታንጋ ክፍለ አገር ከስምንት ዓመት በላይ የመሩት ሚስተር ሞይስ ካቱምቢ፣ በአፍሪካ ከንግድ ዓለም ወደ ክልል አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ አገር አቀፍ ፖለቲካ ከተሸጋገሩ ሰዎች መካከል አንዱ ናቸው።

ሚስተር ካቱምቢ እ.አ.አ በ1964 ዛምቢያን በሚያዋስነው የሉዋፑላ ወንዝ አካባቢ በምትገኘው ካሾብዌ ተወለዱ። አባታቸው ከሮድስ ደሴት የመጡ አይሁዳዊ ሲሆኑ፣ እናታቸው ኮንጓዊት ናቸው። ንግድን በዓሣ ጀምረው ወደ ማዕድን ሥራ በመግባት እ.አ.አ በ1997 ለማዕድን አምራቾች የቁፋሮና የማጓጓዝ አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የሉቡምባሺው ቲፒ ማዜምቤ የእግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ክለቡ በ2009፣ በ2010 እና በ2015 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን ያነሳ ሲሆን፣ በ2010 ለዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለብ ሆኗል። በካታንጋ ከየትኛውም የምረጡኝ ዘመቻ ይልቅ ስማቸውን ከየቤቱ ያስገባው ይኸው ክለብ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2006 የብሔራዊ ምክር ቤት አባል የሆኑት ሚስተር ካቱምቢ፣ የፕሬዚዳንት ጆሴፍ ካቢላ ፓርቲ አባል በመሆን በጃንዋሪ 2007 በክፍለ አገሩ ምክር ቤት ድምፅ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት መሠረት አገረ ገዥን የሚመርጠው የክፍለ አገሩ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም።

ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቻቸው አንዱ ያልተጣራ ማዕድን ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከል ነበር። ጥሬ ማዕድን የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች በካሱምባሌሳ የጠረፍ ኬላ ይታገዱ ጀመር። ኩባንያዎች በአገር ውስጥ ማጣሪያ እንዲገነቡና በመንገድ ሥራ እንዲሳተፉም ግፊት አደረጉ። ሆኖም ማጣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። የማዕከላዊው መንግሥት በ2013 ያወጣው ተመሳሳይ ክልከላ በኃይል እጥረት ሳቢያ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ሲገፋ ታይቷል።

ለአስተዳደር ባለሙያ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የበጀቱ ጉዳይ ነው። የ2006ቱ ሕገ መንግሥት ክፍላተ አገር በግዛታቸው ከሚሰበሰበው የማዕከላዊ መንግሥት ገቢ 40 በመቶውን ከምንጩ እንዲያስቀሩ ይደነግጋል። ድንጋጌው በተግባር አልዋለም፤ ገቢው ወደ ኪንሻሳ ሄዶ ተመልሶ የሚመጣው በማዕከላዊው መንግሥት ውሳኔ ነበር። ሚስተር ካቱምቢ ክፍተቱን በአካባቢ ቀረጥ፣ በኩባንያዎች ትብብርና ከግል ገንዘባቸው ጭምር ይሸፍኑ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ይህ አሠራር ዝናን ቢያስገኝም ሥራው ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ ከሰውየው ጋር እንዲተሳሰር አድርጓል። የማዕድን ነጋዴ የማዕድን ክፍለ አገር ሲመራ የጥቅም ግጭት ጥያቄ መነሳቱም አልቀረም። ኩባንያቸውን ለፈረንሳይ ድርጅት የሸጡት በ2015፣ በሥልጣን ዘመናቸው ማብቂያ ነው።

ከፕሬዚዳንት ካቢላ ጋር የነበራቸው ግንኙነት የሻከረው በሥልጣን ዘመን ገደብ ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 2014 ሉቡምባሺ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ተመልካች ሦስተኛ የተሳሳተ ፍጹም ቅጣት ምት ይቀበል እንደሆነ በእግር ኳስ ቋንቋ ጠየቁ፤ አድማጮቻቸው ስለ ሦስተኛ የሥልጣን ዘመን እንደሚናገሩ ወዲያው ተረዱ። በ2015 የአገሪቱ ክፍላተ አገር ቁጥር ከ11 ወደ 26 ከፍ ሲል ካታንጋ ለአራት ተከፈለች። ክፍፍሉ በሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ የተደነገገ ቢሆንም፣ የዘገየው አፈጻጸም የተፋጠነበት ጊዜ ፖለቲካዊ ትርጉም ተሰጥቶታል። ሚስተር ካቱምቢ በሴፕቴምበር 2015 ከሥልጣናቸውና ከፓርቲው ለቀቁ።

በሜይ 2016 ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ባስታወቁ ሰሞን ቅጥረኛ ወታደሮችን መልምለዋል በሚል ክስ ተጀመረባቸው፤ እርሳቸው ክሱን አስተባብለዋል። ለሕክምና ከአገር ከወጡ በኋላም ከቤት ይዞታ ጋር በተያያዘ ጉዳይ በሌሉበት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኦገስት 2018 የዕጩነት ማመልከቻ ለማስገባት ከዛምቢያ ሊመለሱ ሲሞክሩ የታገዱት በካሱምባሌሳ፣ በአገረ ገዥነታቸው ዘመን የማዕድን ጭነት ባሳገዱበት ኬላ ነው። በዚያ ዓመት ምርጫ ማርቲን ፋዩሉን ደገፉ። ፍርዱ በ2019 ከተሻረ በኋላ በሜይ ወር ሉቡምባሺ ገቡ፤ በዓመቱ መጨረሻም የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ።

ከፕሬዚዳንት ፌሊክስ ቺሴኬዲ ጥምረት ጋር ጥቂት ከተጓዙ በኋላ በዲሴምበር 2022 ተለያዩ። በ2021 የፕሬዚዳንትነት ዕጩ በእናትም በአባትም ኮንጓዊ እንዲሆን የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ መቅረቡ እርሳቸውን ለማግለል የታለመ ነው ተብሎ ነበር። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀርቶ በ2023 ተወዳደሩ፤ ሚስተር ቺሴኬዲ 73 በመቶ ያህል ድምፅ ሲያገኙ፣ እርሳቸው በ18 በመቶ ገደማ ሁለተኛ ወጡ። ውጤቱን ሳይቀበሉት ቀርተዋል።

በዲሴምበር 2024 ሚስተር ካቱምቢ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ካቢላ ጋር ከብዙ ዓመታት ቅራኔ በኋላ ተገናኝተው በአገራቸው የፖለቲካ ሁኔታ ላይ ተወያይተዋል። የተገናኙትም አዲስ አበባ ላይ ነበር።