«ሰላም» ሦስት ፊደል የሆነበት ታሪክ

ጃቫስክሪፕት መማር የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ቃል በጥቅስ ምልክት መካከል ጽፎ ርዝመቱን ይጠይቃል። «ሰላም» ብሎ ከኋላው ነጥብና «ሌንግዝ» ሲያስከትል 3 የሚል መልስ ያገኛል። ፊደሎቹ ሦስት ስለሆኑ ማንም አይገረምም። ቀጥሎ አንዲት የምትስቅ ኢሞጂ ብቻዋን አስገብቶ ያንኑ ሲጠይቅ 2 ይመጣለታል። አንዲት ፊት እንዴት ሁለት ትሆናለች? ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል። የሁለቱም መልሶች ምክንያት ግን ያለው በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ነው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ሕጎቹን ለማስታወስ ብዙም አይቸገርም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1995 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የናቪጌተር ብራውዘር ባለቤት የነበረው ኔትስኬፕ፣ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች በቀላሉ የሚጽፉበት ቋንቋ ፈለገ፤ ሥራውንም ለብሬንደን አይክ ሰጠ። አይክ ወደ ኩባንያው ሲመጣ የታሰበው ስኪም የተባለውን ቋንቋ ብራውዘር ውስጥ እንዲያስገባ ነበር። ሆኖም ኔትስኬፕ ከሰን ማይክሮሲስተምስ ጋር ጃቫ በተባለው ቋንቋ ጉዳይ ተቀራርቦ ስለነበር አለቆቹ አዲሱ ቋንቋ መልኩ ጃቫን እንዲመስል አዘዙ። በሜይ ወር፣ በአሥር ቀን ውስጥ፣ የመጀመሪያው ናሙና ተሠራ። ስሙ መጀመሪያ ሞካ፣ ኋላ ላይቭስክሪፕት ተባለ፤ በዲሴምበር 4 ሁለቱ ኩባንያዎች ጃቫስክሪፕት ብለው ለዓለም አስታወቁት።

ያ አሥር ቀን ዛሬም ድረስ መሳለቂያ ሆኖ ይነገራል። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይደለም። በእነዚያ ወራት ለስትሪንግ፣ ማለትም ፊደላት ተራ በተራ ለሚሰለፉበት የጽሑፍ ዓይነት፣ የተሰጠው መሠረት ዛሬም በየብራውዘሩ ይሠራል።

አብዛኛው የመጣው ከጃቫ ነበር። በተራ ቁጥሩ ፊደል የሚያወጣው ቻርአት፣ ቃል የት ቦታ እንዳለ የሚፈልገው ኢንዴክስኦፍ፣ ከጽሑፍ ቁራጭ የሚያወጣው ሰብስትሪንግ፣ ሁሉም ስማቸው እንኳ አልተለወጠም። ቆጠራው ከዜሮ መጀመሩም እንዲሁ። «አዲስ አበባ» በሚለው ውስጥ በዜሮ ቁጥር የተቀመጠው «አ» ነው፤ 3 ቁጥር ላይ ባዶው ክፍተት ይገኛል፤ 4 ላይ እንደገና «አ» ይመጣል። ክፍተቱም ስለሚቆጠር ርዝመቱ 7 ነው፤ የመጨረሻዋ «ባ» ግን የተቀመጠችው 6 ቁጥር ላይ ነው። ጀማሪዎች በአንድ ቁጥር የሚስቱት እዚህ ጋ ነው።

ከጃቫ የመጣ ሌላም ልማድ አለ፤ አንዴ የተፈጠረ ስትሪንግ አይለወጥም። «አበበ» በተባለ ስትሪንግ ላይ የመጀመሪያውን ፊደል «ከ» ለማድረግ የሞከረ ተማሪ በተለመደው አሠራር የስህተት መልእክት እንኳ አይደርሰውም፤ ጽሑፉ እንደነበረ ይቀራል። የሚፈልገውን የሚያገኘው ከአሮጌው ቆርጦና ቀጥሎ አዲስ ስትሪንግ ሲሠራ ብቻ ነው። የመደመር ምልክት ጽሑፍ እንዲቀጥል መደረጉም ከዚያው የተወረሰ ነው፤ ብዙ ሰው ያስለቀሰውም እሱ ነው። ድረ ገጽ ላይ በቅጽ የተሞላ ዕድሜ የሚደርሰው ጽሑፍ ሆኖ ስለሆነ፣ «25» ላይ 1 ሲደመርበት 251 ይወጣል። ከዚያው ከ«25» ላይ 1 ሲቀነስ ደግሞ 24 ይሆናል፤ መቀነስ ለጽሑፍ ትርጉም ስለሌለው ቋንቋው ጽሑፉን ራሱ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

የዘመኑ አሻራ በግልጽ የሚታየው ግን ዛሬ ማንም በማይጠቀምባቸው ትእዛዞች ላይ ነው። ገና ከመጀመሪያው ስትሪንግ ቦልድ፣ ኢታሊክስ፣ ሊንክ፣ እንዲያውም ብሊንክ የሚባሉ ትእዛዞች ነበሩት። ሥራቸው ጽሑፉን በድረ ገጽ ምልክቶች መክበብ ነበር፤ ብሊንክ የተባለው ለምሳሌ ጽሑፉ ብልጭ ድርግም እንዲል የሚያዝዘውን ምልክት ከግራና ከቀኝ ያደርግለታል። ብራውዘሮች ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ማድረግ ትተዋል። ትእዛዙ ግን አሁንም አለ፤ የጠራው ሰው ምልክቱን ያገኛል፣ የሚበራና የሚጠፋ ነገር ግን አይታየውም። በ1996 የተጻፈ ገጽ ዛሬም ተከፍቶ መነበብ አለበት ተብሎ ስለሚታመን ከቋንቋው የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ቁጥር እንመለስ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ዝርዝር ቁጥር ለመስጠት የተነሳው ዩኒኮድ በ1991 የመጀመሪያውን እትሙን ሲያወጣ እያንዳንዱ ፊደል በ16 ቢት እንዲገባ፣ ማለትም ዝርዝሩ ከ65,536 ቦታ እንዳያልፍ ታስቦ ነበር። ጃቫ ይህንኑ ተቀበለ። ጃቫስክሪፕትም በጁን 1997 የመጀመሪያው የደንብ ሰነዱ ኤክማ በተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ሲጸድቅ ስትሪንግ የ16 ቢት ቁጥሮች ተርታ እንደሆነ ተጻፈ። ሌንግዝ ዛሬም የሚቆጥረው እነዚያን ቁጥሮች ነው።

በዚያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይህ ማለት አማርኛ በኮምፒውተር አይጻፍም ነበር ማለት አይደለም። ይጻፍ ነበር፣ ግን በብልሃት። የዘመኑ የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር፤ አንዳንዶቹም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጥሙት ነበር። ዓይን «ሰላም» ሲያነብ ማሽኑ የሚያየው የላቲን ፊደላትን ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው የዋሽንግተን ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ቅጥልጥል ሆኖ ይወጣ የነበረው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለጃቫስክሪፕት ሰጥቶ ርዝመቱን መጠየቅ ወይም አንድ ፊደል ቆርጦ ማውጣት እምነት የማይጣልበት ሥራ ነበር። ትንሹን የላቲን ፊደል ትልቅ የሚያደርገው ትእዛዝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ አማርኛውን ወደ ሌሎች ፊደላት ገለባብጦ ያበላሸዋል።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ አገኘ። ስፍራውም በ16 ቢቱ ክልል ውስጥ፣ ከ4608 ጀምሮ ነው። «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። አደራደሩ በጥንቃቄ የታሰበበት ነው፦ እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ «ለ» የሚጀምረው 4616 ላይ ነው። ቻርኮድአት በሚባለው ትእዛዝ የፊደልን ቁጥር አውጥቶ ለ8 ያካፈለ ሰው ከቀሪው ተነስቶ ፊደሉ ስንተኛ ቤት እንደሆነ ያውቃል። «ሰላም»ን እንውሰድ። «ሰ» 4656 ነው፣ ቀሪው 0፣ ግዕዝ። «ላ» 4619፣ ቀሪው 3፣ ራብዕ። «ም» 4637፣ ቀሪው 5፣ ሳድስ። በፊደል ገበታ ላይ በእንጨት እየተጠቆመ የተቆጠረው ሥርዓት በሁለት መስመር ኮድ ይሰላል። ቃላትን ቅደም ተከተል የሚያስይዘው ትእዛዝም ያለ ተጨማሪ ልፋት ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ ከ«ለ» ወደ «ሐ» ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው ድምፅ ላይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ «ዓለም» እና «አለም» አንድ ናቸው፤ ለጃቫስክሪፕት ግን የመጀመሪያው ፊደል በአንዱ 4819፣ በሌላው 4768 ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም። «ዓለም» ብሎ የፈለገ አንባቢ «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ኖርማላይዝ የሚባለው፣ በ2015 የተጨመረው ትእዛዝም አያስታርቃቸውም፤ ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። የአማርኛ መፈለጊያ የሚሠራ ሰው «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነቤተሰባቸው የሚመልስ ሠንጠረዥ በራሱ እጅ ማዘጋጀት አለበት።

የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያውም አማርኛን ለረጅም ጊዜ አላወቀውም። ከፐርል ቋንቋ ተወርሶ በ1999ኙ የደንብ እትም የገባው ይህ መሣሪያ «የቃል ፊደል» ሲባል የሚረዳው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነበር፤ ሙሉ የአማርኛ አንቀጽ ቢሰጠው አንድም የቃል ፊደል አያይበትም። «የየትኛውም ቋንቋ ፊደል» ወይም «የግዕዝ ፊደል» ብሎ መጠየቅ የተቻለው በ2018 ነው። ሁለት ነጥብም («፡») እስከ ዛሬ እንደ ባዶ ክፍተት አይቆጠርም። በጥንቱ ልማድ ቃላት በሁለት ነጥብ የተለያዩበትን ጽሑፍ መበተን የፈለገ ሰው ስፕሊት ለሚለው ትእዛዝ ምልክቱን ራሱን መስጠት አለበት።

እንዲህ ያሉ ክፍተቶች ቀስ በቀስ የሚሞሉበት መንገድ ራሱ የቋንቋውን ጠባይ ያሳያል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ጽሑፍ መኖሩን የሚያረጋግጠው ትእዛዝ መጀመሪያ ኮንቴይንስ ሊባል ነበር። በፋየርፎክስ ብራውዘር 17ኛ እትም ላይ ሲገባ፣ ሙቱልስ የተባለው የቆየ የኮድ ስብስብ በዚያው ስም የራሱ የተለየ ትእዛዝ ስለነበረው አንዳንድ ድረ ገጾች ተበላሹ። ስሙ ወደ ኢንክሉድስ ተቀየረና በ2015ቱ ደንብ ገባ። በማርች 2016 ደግሞ ከጽሑፍ ፊት ዜሮ ወይም ክፍተት እየጨመረ ርዝመቱን የሚሞላ፣ 11 መስመር ብቻ የነበረው ሌፍትፓድ የተባለ ኮድ በጸሐፊው ኤንፒኤም ከተባለው የኮድ ማከማቻ ተነሳ። እሱን የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው፤ ማከማቻውም ኮዱን መልሶ አስቀመጠው። ያንኑ ሥራ የሚሠራ ትእዛዝ ለቋንቋው ቀድሞ ቀርቦ ስለነበር በ2017 ፓድስታርት ሆኖ ገባ። በስሙ ውስጥ «ግራ» የሚል ቃል ያልተደረገው እንደ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ላሉ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች ታስቦ ነው። አንድን ቃል በጽሑፉ ሁሉ በሌላ የሚተካው ሪፕሌስኦል የመጣው ገና በ2021 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሪፕሌስ የመጀመሪያውን ብቻ እየቀየረ ጀማሪዎችን ግራ ሲያጋባ ኖረ።

16 ቢቱ እንደማይበቃ የታወቀው ቀደም ብሎ ነበር። በ1996 ዩኒኮድ 2.0 ከክልሉ ውጭ ያለ ፊደል በሁለት የ16 ቢት ቁጥሮች ጥንድ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ ቦታውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። የምትስቀዋ ኢሞጂ በዚህ መንገድ ስለምትጻፍ ሌንግዝ ሁለት ይላታል። ነገሩ ለኢሞጂ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ የተጨመሩት ፊደላት በ16 ቢቱ ክልል ውስጥ ስለገቡ እያንዳንዳቸው አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የገቡት 28 ፊደላት ግን ከክልሉ ውጭ ናቸው፤ ጃቫስክሪፕት እያንዳንዱን ሁለት ይለዋል። ስም ከ20 ፊደል እንዳይበልጥ በሌንግዝ የሚገድብ ቅጽ በእነዚህ ፊደላት ብቻ ለሚጽፍ ሰው ከ10 ፊደል በላይ አይፈቅድለትም፤ በተራ ቁጥር የሚቆርጥ ኮድም ፊደሉን ከመካከል ሰንጥቆ ትርጉም የሌለው ግማሽ ሊያስቀር ይችላል። ከ2015 ጀምሮ ስትሪንግን በሦስት ነጥብ ወደ ዝርዝር የሚዘረጋው አጻጻፍ እያንዳንዱን ጥንድ እንደ አንድ ስለሚወስድ፣ የዚያ ዝርዝር ርዝመት የጉራጌውንም ስም ፊደላት በትክክል ይቆጥራል።